ኦቦ መቀስ የቆረጧቸው ሰዎች

ሥዕል መሰብሰብ የሚወዱ ሰዎች ሲያወሩ በሰማሁ ቁጥር ደሜ ይፈላል። የሚፈልጉት ጠርዙ የቀና፣ ጥጉ ያልታጠፈ፣ ዛሬ ጠዋት ከማተሚያ ቤት የወጣ የሚመስለውን ነው። አግኝተውትም ላስቲክ ውስጥ ከትተው ያስቀምጡታል እንጂ አይነኩትም። ይሁንላቸው። እኔና ወንድሜ በጃንሆይ ዘመን ሰበታ ላይ የሰበሰብናቸው ሥዕሎች ግን አንድም ቀና ጠርዝ አልነበራቸውም። የወደድናቸውም ለዚሁ ነው።

ሥዕሎቹን ያመጡት የሰፈራችን ባለሱቅ ናቸው። እርሻቸውን ለልጆቻቸው ትተው በጅማ መንገድ ዳር ሱቅ የከፈቱ፣ የዚያው አገር ሰው የሆኑ ሽማግሌ ነበሩ። ጨው፣ ላምባ፣ ሳሙናና አቡጀዲ ይሸጣሉ። ለአቡጀዲው ብለው የገዙት ትልቅ መቀስ ከእጃቸው ስለማይለይ ሰፈሩ ሁሉ ኦቦ መቀስ ይላቸዋል፤ እሳቸውም በስሙ አይከፉም። አንድ ጠባይ ነበራቸው። ሳያወሩ መቁረጥ አይችሉም። ወሬውን በኦሮምኛ ጀምረው በአማርኛ ይጨርሱታል፣ የሚያዩትም የሚቆርጡትን ነገር ሳይሆን የሚያወሩለትን ሰው ነው። ወሬው ሲጦፍ መቀሱም አብሮ ይጣመማል።

ኦቦ መቀስ ስኳርና ጨው የሚጠቀልሉበትን አሮጌ ወረቀት ከመርካቶ በእስር በእስር ያስመጡ ነበር። አብዛኛው የፈረንጅ ጋዜጣ ነው። አንድ ጊዜ ከመጣው እስር ውስጥ እንደ ቀበቶ የረዘሙ የሥዕል ወረቀቶች ወጡ። በየወረቀቱ ላይ ወንዶች ጎን ለጎን ተደርድረዋል፣ በመሃላቸውም ለመቁረጫ የሚሆን ነጠብጣብ መስመር ተሰምሯል። ወረቀቱ ስስ፣ ቀለሙ የደበዘዘ፣ ጀርባው ባዶ ነው። ሰዎቹ ግንባራቸውን የሚጋርድ ቆብ አድርገዋል፣ ሱሪያቸው ከጉልበታቸው በታች ታስሯል፣ ብዙዎቹም ዱላ ይዘዋል።

ኦቦ መቀስ በእነዚህ ጨው ለመጠቅለል እምቢ አሉ። “ሰው ፊት ላይ ጨው አይደረግም” አሉና ወረቀቶቹን ከመደርደሪያው አጠገብ ሚስማር ላይ ሰቀሏቸው። ከረሜላ የገዛ ልጅ ሁሉ አንድ ሰው እየተቆረጠ ይመረቅለት ጀመር።

ሰዎቹ እነማን እንደሆኑ ለማወቅ ሰፈሩ ብዙ አልተጨነቀም። ዱላ ይዘዋል፤ አንዱ የገና ሩር የምታክል ኳስ ወደ ላይ ወርውሯል። እንግዲህ የገና ተጫዋቾች ናቸዋ። ፈረንጆቹም ለገና ሜዳ ወጥተው ሩር ይመታሉ ማለት ነው ተባለና ሁሉም ደስ አለው። አንዳንዱ ብቻ አልገባንም። የአንዱ ሰውዬ ግራ እጅ ከጭንቅላቱ ይበልጣል። ኦቦ መቀስ ራቅ አድርገው አዩትና “ዱላ አርፎበት አብጦ ነው፣ ምስኪን” አሉ። ሌላው ፊቱን በሽቦ ወንፊት ሸፍኗል። እሱን ደግሞ ማር ቆራጭ ነው ብለን ተስማማን። ማር ቆራጭ ገና ሜዳ ላይ ምን ይሠራል ብሎ የጠየቀ ሰው አልነበረም።

ወንድሜ በአራት ዓመት ይበልጠኛል። ዓይኑን በሕፃንነቱ ፈንጣጣ ወስዶታል። እዚያው ሰበታ ዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት እያደረ ይማራል፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ቤት ይመጣል። የመጀመሪያውን ሥዕል የሰጠሁት ለወሬ ብዬ ነበር። ያኮረፈ የሚመስል ሰውዬ ነው፣ ከንፈሩን አሹሏል፣ ዱላውን ትከሻው ላይ አጋድሟል አልኩት። እሱ እኔን እየሰማ በአውራ ጣቱ የወረቀቱን ጎን ከላይ እስከ ታች ወረደበት።

“ወገቡ ጋ ገባ ይላል” አለ።

“ኦቦ መቀስ ናቸው፤ ስለ በሬያቸው እያወሩ ነበር።”

በሚቀጥለው ቅዳሜ ሌሎች ጨመርኩለት። እያንዳንዱን ነገርኩትና ሁሉንም ደባልቄ አስቀመጥኩ። እሱ ግን እየመዘዘ፣ ጎናቸውን እየዳሰሰ “ይሄ አኩራፊው ነው፤ ይሄ ያበጠው ነው፤ ይሄ ማር ቆራጩ” አለኝ። አንዱንም አልሳተም። ኦቦ መቀስ ሁለት ሰው አንድ ዓይነት አድርገው ቆርጠው አያውቁም፤ ለወንድሜ ደግሞ ጠማማ ጠርዝ ፊት ነበር። ይባስ ብሎ ጎረቤታሞችን ይለያል። የአንዱ ቀኝ ጎን ከሌላው ግራ ጎን ጋር ሲገጥም ድሮ አንድ ወረቀት ላይ አብረው እንደነበሩ ያውቅና ጎን ለጎን ያስተኛቸዋል። “እነዚህ ወንድማማች ናቸው፣ ተለያይተው ነበር” ይላል።

ለእኔ ጨዋታ ነበር፣ ለእሱ ግን ከዚያ ይበልጣል። ቤታችን ውስጥ ሁልጊዜ የሚነገረው ወንድሜ ነው። ይሄ ሰሃን ነው፣ ይሄ ደረጃ ነው፣ ይቺ አክስትህ ናት እየተባለ ነው የሚውለው። በሥዕሎቹ ግን ነጋሪው እሱ ሆነ። እንግዳ ሲመጣ ሥዕሎቹን ያኖረበትን የብስኩት ጣሳ አምጥቶ “አንዱን ምረጡና ስጡኝ” ይላል። እንግዳው መርጦ ይሰጠዋል፣ እሱ ጎኑን ዳስሶ ሰውዬውን ከነጠባዩ ያወራለታል። እንግዳው አፉን ይከፍታል። በዚያን ጊዜ ወንድሜ ፊት ላይ የማየውን ደስታ ሌላ ጊዜ አላይበትም ነበር።

በመስከረም አዲስ አበባ ወደሚገኝ ትምህርት ቤት ሊሄድ ተወስኖ ነበር፤ ዓይናማዎች ወደሚማሩበት። ፈርቷል፣ ግን ለማንም አልተናገረም። ለእኔ ብቻ “እዚያ ስገባ መጀመሪያ የማሳያቸው ይሄን ጣሳ ነው፤ ከዚያ በኋላ በስሜ ይጠሩኛል” አለኝ።

አሁን ስለ እናቴ ልንገራችሁ። እናቴ ልብስ ሰፊ ነበረች፤ ከሰሜን የመጣች፣ ዝምተኛና ኩሩ ሴት። ጠማማ ነገር አትወድም ማለት አይበቃም፤ ጠማማ ነገር ያማታል። ሰው ቤት ገብታ የተንጋደደ መጋረጃ ካየች የቀረበላትን ሳትጨርስ ትነሳለች። ከኦቦ መቀስ ጋር የተጣላችውም በዚሁ ነው። አንድ ዓመት ለጥምቀት የወንድሜን ልብስ ልትሰፋ ከእሳቸው አቡጀዲ ገዛች። እሳቸው እንደ ልማዳቸው ከሌላ ገበያተኛ ጋር እያወሩ ቆረጡት። ሌላ ጨርቅ የሚገዛበት ጊዜ አልነበረም። የምትችለውን አደረገች፤ ልብሱ ግን አንደኛው ጎኑ ረዝሞ ቀረ፣ ወንድሜም በዚያው ታቦት ሸኘ። ከዚያ ቀን በኋላ እናቴ ሱቃቸውን ረግጣ አታውቅም። እኛን አልከለከለችም። እሷ ግን ለአንድ ድርና ማግ እዚያ ማዶ ገበያ ድረስ ትሄዳለች፣ በደጃቸው ስታልፍም ፊቷን ታዞራለች።

የወንድሜ መሄጃ ሲቃረብ እናቴ ለሥዕሎቹ አዘነች። ልጇ ይዟቸው ሰው ፊት ሊቀርብ ነው፣ እነሱ ደግሞ አይጥ የቀረደዳቸው ይመስላሉ። እኔ ትምህርት ቤት በሄድኩበት ቀን ጣሳውን አወረደች፣ ማስመሪያዋንና የልብስ መቀሷን አመጣች፣ ሁሉንም አንድ በአንድ ከረከመቻቸው። ስመለስ ጠረጴዛው ላይ በነጭ ሪባን ታስረው ተቀምጠዋል። ሁሉም እኩል፣ ሁሉም ቀጥ ያሉ።

“አያምሩም?” አለችኝ። ፊቷ በርቷል።

ያምራሉ አልኩ መሰለኝ። ቁርጥራጩ የት እንዳለ ብጠይቃት እሳት አያያዝኩበት አለችኝ።

ቅዳሜ ወንድሜ መጣ። እናቴ ጣሳውን ራሷ አምጥታ ጭኑ ላይ አስቀመጠችለት። ሪባኑን ሲዳስስ ፈገግ አለ። የመጀመሪያውን አንስቶ በአውራ ጣቱ ጎኑን ወረደበት። ገለበጠና ሌላውን ጎን ወረደበት። አስቀመጠው። ሁለተኛውን አነሳ፣ ሦስተኛውን አነሳ። ፈገግታው ቀስ እያለ ከፊቱ ሲጠፋ አየሁት።

“እማዬ፣ አንቺ ነሽ ያስተካከልሻቸው?”

“እኔ ነኛ። አሁን እንደ ሰው ልጅ ይዘሃቸው ትሄዳለህ።”

“እግዜር ይስጥልኝ” አለና ጣሳውን ከደነው።

በኋላ ደጅ ወጥተን ስንቀመጥ አንዷን ሥዕል ከኪሱ አውጥቶ ሰጠኝና በጆሮዬ “ይሄ ማነው?” አለኝ። ጠይቆኝ አያውቅም ነበር። ለእናታችን እንዳልነግር ደግሞ አስማለኝ።

ነገሩ ግን ተደብቆ አልከረመም። በሚቀጥለው ቅዳሜ አንዲት የእናቴ ደንበኛ ቀሚስ ልትለካ መጣች። እናቴም ልታኮራው ፈልጋ “እስቲ ሥዕልህን አሳያቸው” አለችው። እሱ “ሌላ ቀን” አለ። “አሁን” አለችው። ሴትዮዋ አንዱን መዝዛ እጁ ላይ አደረገችለት። ወንድሜ ጎኑን ዳሰሰ፣ ገልብጦም ዳሰሰና “ይሄ ማር ቆራጩ ነው” አለ። የያዘው ግን እጁ ያበጠውን ነበር። ደንበኛዋ ምን ታውቃለች፤ “ጉድ ነው!” ብላ አደነቀች። እናቴ ግን ሁሉንም አንድ በአንድ ይዛ ስለከረከመች ፊታቸውን ለይታለች። ቀና ብላ አየችኝ፤ እኔ መሬት መሬት አየሁ።

ሴትዮዋ እንደወጣች እናቴ በሩን ዘጋችና “ምን አድርጌ ነው?” አለች። ወንድሜ ክፉ ቃል አልተናገረም።

“ምንም አላጠፋሽም እማዬ። በጠርዛቸው ነበር የማውቃቸው።”

እናቴ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለች። እጆቿን አየቻቸው፣ የሌላ ሰው እጅ ይመስል።

ሲከፋት የምታለቅስ ሴት አልነበረችም። ሲከፋት ሥራ ትጀምራለች። መቀሷን አነሳችና አንዱን ሥዕል ልታጣምም ሞከረች። ወንድሜ ተቀብሎ ዳሰሰውና ሳቀ። “ይሄ እኮ የቀሚስ አንገት ነው።” እውነቱን ነው፤ ከላይ እስከ ታች እኩል የዞረ፣ የሚያምር ክብ ነው። ሌላ ሞከረች፣ እሱም ያው አንገት። ስታጣምም እንኳ የምታጣምመው ለክታ ነው። መቀሱን አስቀመጠችና ተነስታ ነጠላዋን ለበሰች።

“ጣሳውን ያዙ” አለች።

ወዴት ነው ብዬ አልጠየቅኩም፤ እግሯ ወደ ኦቦ መቀስ ሱቅ ሲያመራ ግን ዓይኔን አላመንኩም። ደፍ ላይ ቆመች። ኦቦ መቀስ እሷን ሲያዩ ከተቀመጡበት ዱካ ብድግ አሉ።

“አካም ጅርታ? ደህና ነሽ ወይ?”

“ፈያ። እርስዎስ ደህና ነዎት?” አለች። በዓመታት ውስጥ የተለዋወጡት የመጀመሪያ ቃል ይሄ ነበር።

ነገሩን አስረዳቻቸው። ኦቦ መቀስ ወንድሜን አዩት፣ ሥዕሎቹን አዩ፣ ራሳቸውን ነቀነቁና መቀሳቸውን አነሱ። እናቴ ፊታቸው ቆማ ታያቸዋለች። እሳቸው በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ የሚቆርጡትን ነገር እያዩ፣ ትንፋሻቸውን ውጠው፣ አንዱን ሥዕል ቆረጡ። እንደ ማስመሪያ ቀጥ አለ።

እናቴ ተቀብላ አየችው። “ያን ጊዜ አቡጀዲዬን እንዲህ ቢቆርጡልኝ ምን ነበረበት?”

ኦቦ መቀስ ላባቸውን ጠረጉ። ሌላ ሞከሩ፣ እሱም ቀጥ አለ። ወንድሜ በቀስታ “ኦቦ፣ ያውሩ እንጂ፤ ካላወሩ አይሆንም” አላቸው። ምን ላውራ አሉ። የወሬ ቋት የነበሩት ሰውዬ ከእናቴ ፊት ወሬ ጠፋቸው።

እናቴ ወሬ አትወድም። ሰው ቤት ሄዳ ስለ ዝናብ ስታወራ ሰምቼያት አላውቅም። ያን ቀን ግን የሳሙና ሳጥን ስባ ከኦቦ መቀስ አጠገብ ተቀመጠችና “ላምዎ ወለደች አሉ?” አለች። እንግዳ ቋንቋ እንደሚሞክር ሰው ነው ያለችው። እሳቸው አዎ ወለደች አሉ። ወይፈን ነው ጊደር? ጊደር። የማን ዘር ናት? እዚህ ላይ ኦቦ መቀስ ቀና አሉ፤ የጊደሯ አባት ከሱሉልታ የመጣ በሬ ነው፣ እሱ ደግሞ ታሪክ አለው። ወሬው ተጀመረ።

የእናቴም እጅ አልቦዘነም። ሰፊ ናትና አንድ ነገር ታውቃለች፤ ሁለት ጨርቅ ጫፍና ጫፉን ደርበህ በአንድ ጊዜ ብትቆርጠው ጠርዞቹ ይገጣጠማሉ። ወንድሜን “ማን ከማን ጋር ነበር?” እያለች ትጠይቀዋለች፣ እሱ ከልቡ ይነግራታል፣ እኔ ፊታቸውን እየለየሁ አቀብላታለሁ። እሷ የሁለቱን ጎረቤታሞች ጠርዝ ደርባ ትይዛለች፣ ኦቦ መቀስ እሷን እያዩ ያወራሉ፣ መቀሱም በመሃል የራሱን መንገድ ይሄዳል። አንዱ ሰውዬ ጆሮው ሄደ። የሌላው ዱላ ጫፉ ተቀነጠሰ። እናቴ በየቁርጡ ዓይኗን ትጨፍናለች፤ ሲያማት አየዋለሁ፤ ግን “እሺ፣ ከዚያስ?” ትላለች።

መጨረሻ አካባቢ፣ እጁ ያበጠው ተራው ደርሶ ከአኩራፊው ጋር ተደርቦ እንደተያዘ፣ ኦቦ መቀስ በገዛ እጃቸው የጥምቀቱን ነገር አነሱት።

“ያን ቀን እኮ ከታቦቱ ኋላ ነበርኩ። የልጅሽን ልብስ አየሁት፤ አንዱ ጎን መሬት ሊነካ። ዋቃዮ፣ ጨርቁ ከማን ተገዛ ብሎ የሚጠይቅ ሰው አታምጣ እያልኩ ስጸልይ ዋልኩ።”

“ሁሉም ጠይቆኛል” አለች እናቴ። “ለሁሉም ነግሬያለሁ።”

ኦቦ መቀስ ደነገጡ። “ለሁሉም?”

“ለቄሱም ጭምር።”

ያን ጊዜ እናቴ ሳቀች። ፈገግታዋን እንኳ በቁጠባ የምትሰጥ ሴት፣ ሳጥኑ ላይ ወደ ኋላ እስክትለጠጥ፣ ነጠላዋ ከራሷ እስኪወርድ ሳቀች። ኦቦ መቀስም ትከሻቸው እየተንቀጠቀጠ ሳቁ። መቀሱ ግን አላቆመም ነበር፤ ወደ ውስጥ ሸርተት አለና ያበጠውን እጅ ግማሹን ይዞ ሄደ። ወንድሜ እጁን ዘርግቶ ሥዕሉን ተቀበለ፣ በአውራ ጣቱ ወረደበት፣ ጎድጓዳው ጋ ሲደርስ ቆመ። እሷ እየሳቀች ሳለች ጣቱን ከዚያ ቦታ አላነሳም።

ከዚያ ወዲህ እናቴ ክርና መርፌዋን የምትገዛው ከኦቦ መቀስ ነው። አቡጀዲ ግን እስከ መጨረሻው ከማዶ ነው ያመጣችው። ወንድሜ ሰዎቹን እንደ አዲስ አጠናቸው። ባለጆሮውና አንድ ጆሮው፣ አኩራፊውና ባለ ግማሽ እጁ፣ ሁሉም ከጎረቤታቸው ጋር ገጠሙ። በመስከረም ጣሳውን ታቅፎ አውቶቡስ ላይ ወጣ። ለበዓል ተመልሶ ሲመጣ ከሁሉ በፊት የነገረን የክፍሉ ልጆች በስሙ እንደሚጠሩት ነው።

ጨዋታው ገና እንዳልሆነ፣ ቤዝቦል እንደሚባል ያወቅኩት ካገባሁ በኋላ ነው። ያበጠው እጅም የቆዳ ጓንት ኖሯል። ለወንድሜ ስነግረው ትንሽ ቅር አለው፤ ስንት ዘመን ሲያዝንለት ኖሮ።

ባለፈው ወር ልጠይቀው ሄጄ ነበር። ለብዙ ዓመት አስተምሮ አሁን ጡረታ ላይ ነው። ስለ እናታችን ስናወራ ቆየንና አንድ የሚቆጨኝን ነገር አነሳሁ። ካረፈች በኋላ የቀረን ፎቶግራፍ የመታወቂያዋ ብቻ ነው፤ እሱም የኮስታራ ፊት ነው። ስትስቅ የሚያሳይ አንድም ሥዕል የለኝም፤ ፊቷ በዚያ ቀን እንዴት እንደነበር እንኳ አሁን አሁን እየጠፋብኝ ነው አልኩት።

ወንድሜ ተነስቶ ጣሳውን አመጣ። ብዙ ሳይፈልግ፣ ሁለት ሦስቱን ብቻ ነካ ነካ አድርጎ ባለ ግማሽ እጁን አወጣው። በአውራ ጣቱ ጎኑን ቀስ እያለ ወረደበትና አንድ ቦታ ላይ ቆመ።

“እዚህ ጋ ነው የሳቀችው” አለኝ።

ዓይኔን ጨፍኜ እጄን ዘረጋሁ፣ እሱም ጣቴን ይዞ ቦታው ላይ አስቀመጠልኝ።